የሮም ሪፐብሊክ የብር ዲናር አነባበብ፦ ፊቱን፣ ጀርባውንና ጠርዙን መፍታት

ሙዚየም ገብቶ ከመስታወት ኋላ የተደረደሩትን የሮም ሳንቲሞች የሚያይ ሰው ብዙ ጊዜ ቶሎ ያልፋቸዋል። አይፈረድበትም። ሁሉም ትንንሽ፣ ክብና ግራጫ ናቸው፤ ጽሑፉ የተቆራረጠ ነው፤ ምስሉም ማን እንደሆነ የማይታወቅ ፊት ወይም የሚጋልብ ፈረስ ነው። አነባበቡን ስታውቁ ግን ነገሩ ይለወጣል። በአውራ ጣት ጥፍር ልክ ባለች ብር ላይ የአንድ ቤተሰብ የዘር ሐረግ፣ የፖለቲካ ቅስቀሳ፣ አንዳንዴም «ገዳዩ እኔ ነኝ» የሚል አዋጅ ተቀርጾ ታገኛላችሁ።

የምናነበው ዲናርን ነው፣ በላቲኑ ዴናሪዩስ። ስሙን ከወንጌል ታውቁታላችሁ። የወይኑ ሠራተኞች የቀን ደመወዛቸው አንድ ዲናር ነበር፤ ስለ ግብር ጥያቄ ሲነሳም ጌታ አንድ ዲናር አስመጥቶ መልኩና ጽሑፉ የማን እንደሆነ ጠይቋል። እነዚያ ዲናሮች የተመቱት ቄሳሮች በነገሡበት ዘመን ነው። የኛዎቹ ከዚያ ይቀድማሉ፤ ሮም ንጉሥ የላትም፣ በምክር ቤትና በየዓመቱ በሚመረጡ ሹማምንት ነው የምትመራው። ሁለቱ ጥያቄዎች ግን ለኛም ይሠራሉ፦ መልኩ የማን ነው? ጽሑፉስ የማን ነው? እኔ ሁልጊዜ ከጽሑፉ እጀምራለሁ፤ ምክንያቱን እርምጃ 2 ላይ ታዩታላችሁ።

ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው፤ ለማሳጠር «ዓ.ዓ.» እላለሁ። በዓ.ዓ. ቁጥሩ ሲያንስ ዘመኑ ወደኛ እንደሚቀርብ አትርሱ።

እርምጃ 1፦ በርግጥ የሪፐብሊኩ ዲናር ነው?

ጥሩ ፎቶ ወይም ሳንቲሙ ራሱ፣ አጉሊ መነጽር፣ ማስመሪያ፣ ከተገኘም የወርቅ ሠሪ ሚዛን ያስፈልጋችኋል። ሳንቲሙ እጃችሁ ላይ ካለ አትጠቡት፣ አትፈትጉት፣ በሎሚም በሳሙናም አትንኩት። ጠርዙን ብቻ ይዛችሁ ለስላሳ ጨርቅ ላይ አስቀምጡት።

ዲናር መመታት የጀመረው በ211 ዓ.ዓ. አካባቢ ነው። ሮም በዚያን ጊዜ ከሰሜን አፍሪካዋ ካርቴጅ የጦር መሪ ከሃኒባል ጋር የሞት ሽረት ጦርነት ላይ ነበረች፤ የድሮው የገንዘብ ሥርዓቷ በጦርነቱ ወጪ ወድቆ እንደ አዲስ መጀመር ነበረባት። ይህን ዓመት የምናውቀው ሲሲሊ ውስጥ በሞርጋንቲና ከተማ በተደረገ ቁፋሮ ነው። ከተማዋ በዚያው ጦርነት ስትፈርስ የመጀመሪያዎቹ ዲናሮች ፍርስራሹ ሥር ተቀብረው ተገኝተዋል።

የመጀመሪያዎቹ 4.5 ግራም ገደማ ይመዝናሉ። ብዙም ሳይቆይ ክብደቱ ወደ 3.9 ግራም ወረደ፣ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ እዚያው ቆየ። ስፋቱ ብዙውን ጊዜ ከ17 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነው። ብሩ በጣም ንጹሕ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ95 በመቶ በላይ። የያዛችሁት 2.8 ግራም ብቻ ከሆነ ወይ ተቆርጧል፣ ወይ ውስጡ መዳብ ነው፣ ወይ ደግሞ ሌላ ሳንቲም ነው። ከዲናር ያነሱ የብር ሳንቲሞችም ነበሩ፤ የዲናር ግማሽ የሆነው ኩዊናሪዩስና ሩቡ የሆነው ሴስተርቲዩስ።

ፊቱ ላይ የአንድ ሰው መልክ፣ ዙሪያውን ደግሞ ረጅም የማዕረግ ዝርዝር ካለ በጣም ሊሆን የሚችለው የቄሳሮቹ ዘመን ነው። ጥቂት የመጨረሻ ዓመታት ሳንቲሞች ከዚህ ውጭ ናቸው፤ ወደ እነሱ እንመጣለን።

እርምጃ 2፦ ፊደሎቹን ልቀሙ

ሳንቲም የሚያስመቱት በአብዛኛው ሦስት ወጣት ሹማምንት ነበሩ፤ የሚሾሙት ለአንድ ዓመት ነው። የገንዘብ ሹሞች ልበላቸው። ሥራው ትልቅ ሥልጣን አልነበረም፤ ወደ ትልቁ ሥልጣን መሄጃ የመጀመሪያ ደረጃ ነው። ገንዘቡ የሚመታውም ሮም ውስጥ በካፒቶል ኮረብታ፣ ከአምላኳ ከጁኖ ሞኔታ ቤተ መቅደስ አጠገብ ነው። አስቡት፦ ነገ ለትልቅ ሹመት መወዳደር የሚፈልግ የሃያዎቹ ወይም የሠላሳዎቹ ዕድሜ ሰው፣ ጋዜጣ በሌለበት አገር፣ በእያንዳንዱ ወታደርና ነጋዴ እጅ የሚገባ ብር ላይ የፈለገውን ምስል የማስቀረጽ ዕድል ለአንድ ዓመት ተሰጠው። ምን ያስቀርጻል? ቤተሰቡን። ስሙን ሳታውቁ ምስሉን ለመተርጎም ብትሞክሩ የምትገምቱት ለዚህ ነው የሚሳሳተው።

የላቲን ፊደል የሚያነብ ሰው የላቲን ቋንቋ ባያውቅም ስሙን ማውጣት ይችላል። ጥቂት ነገር ብቻ ያዙ። ዩ የሚባለው ፊደል የለም፣ በሱ ፈንታ ቪ ነው የሚጻፈው። ቃላት የሚለዩት በነጥብ ነው፣ ነጥቡም አንዳንዴ የለም። ሁለትና ሦስት ፊደሎች ተጣብቀው አንድ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ኤምና ኢ ወይም ቲና ኤ እግር ለእግር ተቆላልፈው ስታዩ አትደንግጡ።

የመጀመሪያ ስም ሁልጊዜ በምህጻር ነው። ኤል ሉክዩስ ነው፣ ኤም ማርኩስ፣ ፒ ፑብሊዩስ፣ ኪው ኩዊንቱስ፣ ቲ ብቻውን ቲቱስ። ሲ ግን ጋዩስ ነው፤ ጀማሪን የሚያሳስተው ይሄኛው ነው። ቀጥሎ የወገኑ ስም ይመጣል፣ ከዚያ የቅርንጫፉ ቤተሰብ መጠሪያ። በመሃል ኤፍ የሚል ፊደል ካለ «ልጅ» ማለት ነው፣ ኤን ካለ ደግሞ «የልጅ ልጅ»። ስለዚህ «ኤም ኤፍ» ሲል «የማርኩስ ልጅ» ብላችሁ አንብቡ።

ሰው ያልሆኑ ጽሑፎችም አሉ። «ሮማ» የሚለው በመጀመሪያ ዘመን ከታች በኩል ሁልጊዜ አለ፤ እየቆየ ጠፋ፣ ሁሉም የማን ገንዘብ እንደሆነ ያውቃልና። «ኤስ ሲ» ወይም «ኤክስ ኤስ ሲ» የሚል ካያችሁ ሳንቲሙ በምክር ቤቱ ልዩ ውሳኔ የተመታ ነው።

እርምጃ 3፦ የፊቱን ራስ ለዩ

ወደ ሰማንያ ዓመት ገደማ የዲናር ፊት አልተለወጠም ማለት ይቻላል። ወደ ቀኝ የምትመለከት ሴት፣ በራሷ ላይ ክንፍ ያለው የራስ ቁር። በተለምዶ ከተማዋን የምትወክለው አምላክ ሮማ ናት ይባላል። ከኋላዋ ወይም ከአገጯ በታች ኤክስ የሚመስል ምልክት ፈልጉ። የላቲን ቁጥር አሥር ነው፤ አንዱ ዲናር አሥር አስ ከሚባል የነሐስ ሳንቲም ጋር እኩል ነበር። በ141 ዓ.ዓ. ገደማ ምንዛሪው ወደ አሥራ ስድስት ስለተለወጠ በአንዳንዶቹ ላይ ኤክስ፣ ቪና አይ ተከታትለው ይታያሉ፤ ቆይቶም መሃሉ ላይ መስመር የተጨመረበት ኮከብ የሚመስል ኤክስ መጣ። ይህችን ምልክት ማየት ብቻ ዘመኑን በብዙ ያጠብላችኋል።

በ137 ዓ.ዓ. ቲቤሪዩስ ቬቱሪዩስ የተባለ ሹም ሮማን አንስቶ ማርስን፣ የጦርነትን አምላክ፣ አስቀመጠ። ከዚያ ወዲህ በሩ ተከፈተ። የስንዴ ዛላ አክሊል ያላት ሴሬስ ናት፣ እህል ሰጪዋ። ጺማም ሆኖ የወይራ ሳይሆን የሎረል ቅጠል አክሊል የደፋ የአማልክት ንጉሥ ጁፒተር ነው። ጺም የሌለው፣ ጸጉሩ የተጠቀለለ ወጣት አፖሎ ነው። የፍየል ቆዳ ከነቀንዱ በራሷ ላይ የደፋች ሴት ካያችሁ ደስ ይበላችሁ፤ እሷ የላኑቪዩም ከተማ ጁኖ ናት፣ ሹሙም በአብዛኛው ከዚያ ከተማ የመጣ ሰው ነው። በ105 ዓ.ዓ. ሉክዩስ ቶሪዩስ ባልቡስ ይህችን ጁኖ ከፊት፣ የሚንደረደር በሬ ከኋላ አስቀርጿል።

እርምጃ 4፦ ጀርባውን ገልብጡ

የጀርባው ምስል ታሪክ በአጭሩ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ ሁለት ፈረሰኞች፣ ጦራቸውን ደግነው፣ ከራሳቸው በላይ ኮከብ። መንትዮቹ ካስቶርና ፖሉክስ ናቸው፤ ሮማውያን በሬጊሉስ ሐይቅ ጦርነት ላይ እነዚህ መንትዮች ደርሰው አገዙን ብለው ያምኑ ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ ከማልታ ወደ ሮም የተጓዘበት የእስክንድርያ መርከብም ምልክቱ እነዚሁ ነበሩ፤ የሐዋርያት ሥራ 28ን ያነበበ ያስታውሳቸዋል።

ቀጥሎ ሠረገላዎች መጡ። ሁለት ፈረስ የሚነዳው ማን ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ ከራሷ በላይ ጨረቃ ካለ የጨረቃ አምላክ ሉና ናት፣ ክንፍ ካላት ደግሞ የድል አምላክ ናት። አራት ፈረስና በእጁ መብረቅ ከሆነ ጁፒተር ነው። እነዚህ በጣም ብዙ ስለሆኑ ብዙ ጊዜ አትፍጁባቸው። ስሙን ያዙና እለፉ።

ከ130ዎቹ ዓ.ዓ. ጀምሮ ያለው ነው ልብ የሚሰቅለው።

እርምጃ 5፦ ስሙንና ምስሉን አገናኙ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ሦስት ጥያቄዎች በተራ ጠይቁ።

አንደኛ፣ ምስሉ ከስሙ ድምፅ ጋር ይገናኛል? ሮማውያን እንደኛ ቅኔ ወዳድ ነበሩ። በ76 ዓ.ዓ. ሉክዩስ ሉክሬቲዩስ ትሪዮ ከፊት ፀሐይን፣ ከጀርባ ጨረቃንና ሰባት ከዋክብትን አስቀረጸ። ሉክሬቲዩስ ከብርሃን ጋር ይገጥማል፣ ትሪዮ ደግሞ በሰሜን ሰማይ ላይ ከሚታዩት ሰባቱ ከዋክብት ስም ጋር። ኩዊንቱስ ፖምፖኒዩስ ሙሳ ዘጠኙን የጥበብ አማልክት፣ ሙሳዎቹን፣ በየተራ አስመትቷል። ቪቱሉስ የሚባለው ሹም ጥጃ አስቀርጿል፤ ቪቱሉስ ጥጃ ነውና።

ሁለተኛ፣ ቤተሰቡ ከአፈ ታሪክ የሚመዝዘው ዘር አለ? በ137 ዓ.ዓ. ሴክስቱስ ፖምፔዩስ ያስመታው ዲናር ጀርባ ላይ ተኩላዋ ሮሙሉስንና ሬሙስን ታጠባለች፣ ከኋላቸው የበለስ ዛፍ አለ፣ በግራ ደግሞ አንድ እረኛ ቆሞ ያያቸዋል። ከእረኛው አጠገብ «ፎስትሉስ» ይላል። ሕፃናቱን አግኝቶ ያሳደገው እረኛ ስሙ ፋውስቱሉስ ነው። ሰውዬው ከዚያ እረኛ ጋር መያያዝ ፈልጓል፣ ምናልባትም የዘሩ መጠሪያ አድርጎታል። የሮምን መመሥረት የሚያሳይ ምስል መስሏችሁ ካለፋችሁ ዋናውን ነገር ሳታዩት ቀራችሁ ማለት ነው፤ የምስሉ ባለቤት ዳር የቆመው እረኛ ነው።

የ82 ዓ.ዓ. የጋዩስ ማሚሊዩስ ሊሜታኑስን ዲናር ደግሞ ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። ፊቱ ላይ የአማልክት መልእክተኛ ሜርኩሪ አለ። ጀርባው ላይ አንድ መንገደኛ በትር ተደግፎ እጁን ይዘረጋል፣ ከፊቱ አንድ ውሻ ጭራውን እየቆላ ይቀርበዋል። የግሪክ አፈ ታሪክ ጀግናው ኦዲሴዩስ ነው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ለማኝ መስሎ አገሩ ሲገባ ውሻው አርጎስ አውቆታል። ማሚሊዮቹ ኦዲሴዩስና ጠንቋይዋ ኪርኬ ከወለዱት ከቴሌጎኑስ እንወለዳለን ይሉ ነበር። ሜርኩሪ እዚያ የተገኘውም ያለ ነገር አይደለም፤ በኦዲሴዩስ የዘር ሐረግ ውስጥ አለበት። ይህን ሁሉ አንዲት ትንሽ ብር ላይ ሲያሳርፍ የቀራጩ እጅ የውሻውን አንገት ቀና አድርጎ እንዴት እንደሠራው በአጉሊ መነጽር ተመልከቱ።

ሦስተኛ፣ አባት ወይም አያት ያሸነፈው ጦርነት አለ? ዝሆን ካያችሁ መጀመሪያ የሜቴሉስ ቤተሰብን ጠርጥሩ። አያታቸው በ250 ዓ.ዓ. ሲሲሊ ውስጥ በፓኖርሙስ ካርቴጆችን አሸንፎ ዝሆኖቻቸውን ማርኳል፤ ከዚያ ወዲህ የልጅ ልጆቹ ሹመት ባገኙ ቁጥር ዝሆን አስቀርጸዋል። አንዱ ጁፒተርን በፈረስ ፈንታ ዝሆን በሚጎትተው ሠረገላ ላይ አስቀምጦታል። «ጠርጥሩ» ያልኩት ግን አውቄ ነው። ከታች ሌላ ዝሆን ይጠብቀናል።

እርምጃ 6፦ ዓመቱን ከዜናው ጋር አስተያዩ

ዲናሮቹ ስለ ጥንት አባቶች ቢያወሩም የሚያወሩት ለዛሬ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ዓመቱን ስታገኙ «በዚያ ዓመት ሮም ውስጥ ምን ነበር?» በሉ።

በ89 ዓ.ዓ. ሉክዩስ ቲቱሪዩስ ሳቢኑስ ያስመታቸውን ተመልከቱ። ፊቱ ላይ የሮም ጎረቤት ሕዝብ የነበሩት የሳቢኖች ጺማም ንጉሥ ታቲዩስ አለ። በአንዱ ጀርባ ሁለት ሮማውያን ሁለት የሳቢን ሴቶችን ተሸክመው ይሮጣሉ። በሌላው ታርፔያ የተባለችው ልጅ እስከ ወገቧ በጋሻ ክምር ተቀብራ እጇን ታነሳለች፤ ከተማዋን ለጠላት ከድታ የከፈተች ናት፣ ጠላቶቹ ራሳቸው በጋሻቸው ደፍጥጠው ገደሏት። ሹሙ ሳቢኑስ ስለሚባል ብቻ ይሆን? ዓመቱን ስታዩ ሌላ ነገር ይጨመራል። ከ91 ዓ.ዓ. ጀምሮ የኢጣሊያ አጋሮች ዜግነት ተነፈግን ብለው በሮም ላይ ተነስተዋል። ሮማውያን የሳቢን ሴቶችን ጠልፈው በማግባታቸው የተጀመረው ጠብ ሁለቱ ሕዝቦች አንድ በመሆን አለቀ፣ ከዳተኛ ግን አልዳነም፤ እኔ የማነበው እንዲህ ነው። ዓመፀኞቹም ዝም አላሉም። የራሳቸውን ዲናር መቱ፤ በአንዱ ላይ የኢጣሊያ በሬ የሮምን ተኩላ በቀንዱ ወግቶ ይረግጣል።

በድሮው ልማድ የራስን ገድል ማስቀረጽ ነውር ነበር፣ የአባት ይበቃል። በ58 ዓ.ዓ. ማርኩስ ኤሚሊዩስ ስካውሩስ ይህን አፈረሰው። የዓረብ መንግሥት የነበረችው የናባቴያ ንጉሥ አሬታስ ከግመሉ አጠገብ ተንበርክኮ የወይራ ቅርንጫፍ ሲዘረጋ ይታያል፣ ከላይ የስካውሩስ ስም፣ ከታች የንጉሡ። ያስገበረው ስካውሩስ ራሱ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ፋውስቱስ ሱላ አባቱን አመጣ፤ ሱላ ከፍ ብሎ ተቀምጧል፣ የሞሪታንያው ንጉሥ ቦኩስ ቅርንጫፍ ያቀርባል፣ ለሱላ የተሰጠው የኑሚዲያ ንጉሥ ዩጉርታ እጁ የፊጥኝ ታስሮ ተንበርክኳል።

ስለ ድምፅ መስጠት የሚናገሩትን አትለፏቸው። ከካሲዩስ ቤተሰብ የሆነው የሎንጊኑስ ዲናር ላይ አንድ ዜጋ ድምፁ የተጻፈበትን ሰሌዳ ወደ ሣጥን ሲከት ይታያል። ከካሲዩስ ቤተሰብ አንዱ በ137 ዓ.ዓ. በፍርድ ጉዳይ ሕዝቡ በምስጢር ድምፅ እንዲሰጥ የሚያደርግ ሕግ አውጥቷል፤ ልጆቹ ይህን ውለታ እንዲረሳ አልፈለጉም።

አሁን ብሩተስ። በ54 ዓ.ዓ. ገና የገንዘብ ሹም ሳለ በአንደኛው ዲናር ፊት ላይ ነፃነትን በሴት አምሳል አስቀረጸ፤ ጀርባው ላይ የመጨረሻውን የሮም ንጉሥ ያባረረው የጥንቱ ብሩተስ ከአጃቢዎቹ ጋር ይሄዳል። ቄሳርን ከመግደሉ አሥር ዓመት በፊት ነው ይህ። ሰውዬው ምን እንደሚያስብ በሁሉም ኪስ ውስጥ ነበር።

ዩልዮስ ቄሳር በ49 ዓ.ዓ. የርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር ከጦሩ ጋር ሆኖ ብዙ ዲናር አስመታ። ዝሆን እባብ የሚመስል ነገር ይረግጣል፣ ከታች «ቄሳር» ይላል፣ ጀርባው ላይ የሊቀ ካህናት ዕቃዎች፦ መጥረቢያ፣ መርጫ፣ ጭልፋና ሹል ቆብ። ሊቀ ካህናት ነኝ፣ ሕጋዊ ነኝ ነው ነገሩ። ከሜቴሉስ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ እንዲያውም ጠላቱ ሜቴሉስ ስኪፒዮ አፍሪካ ውስጥ የቤተሰቡን ዝሆን ይዞ በራሱ ዲናር ተዋግቶታል። ስሙን ሳያነቡ ዝሆኑን ብቻ ማየት የት እንደሚያደርስ እዚህ ላይ ግልጽ ነው።

በ44 ዓ.ዓ. መጀመሪያ በሮም የገንዘብ ቤት የሕያው ሮማዊ መልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ዲናር ላይ ወጣ። አንገቱ የተሸበሸበ፣ የሎረል አክሊል የደፋ ቄሳር፤ በአንዳንዶቹ ላይ «የዘላለም አምባገነን» የሚል ማዕረግ ተጽፏል። ጀርባው ላይ የፍቅር አምላክ ቬነስ ቆማለች፣ ቤተሰቡ ከሷ እንወለዳለን ይላልና። መጋቢት 15 ቀን ተገደለ።

ብሩተስ ከዚያ በኋላ ጦር ይዞ ወደ ምሥራቅ ሲዘምት ያስመታው ዲናር በታሪክ ዝነኛው ነው። ጀርባው ላይ ሁለት ጩቤ፣ በመሃላቸው ነፃ የወጣ ባሪያ የሚደፋው ቆብ፣ ከታች የመጋቢት አጋማሽ ቀን ተጽፏል። ታሪክ ጸሐፊው ካሲዩስ ዲዮ ይህን ሳንቲም ጠቅሶታል። ፊቱን ስትገለብጡ ግን የምታዩት የብሩተስን የራሱን መልክ ነው። ንጉሥ አይኑር ብሎ የገደለ ሰው፣ ሟቹ በጀመረው መንገድ መልኩን ብር ላይ አስቀረጸ። እኔ የሪፐብሊኩን መሞት በዚህ ሳንቲም ሁለት ገጾች መካከል አያለሁ።

የመጨረሻዎቹን ለመለየት ቀላል ነው። በ32 እና በ31 ዓ.ዓ. ማርክ አንቶኒ ለጦሩ ያስመታው፣ ፊቱ ላይ መርከብ፣ ጀርባው ላይ ንስርና ሁለት የጦር ዓርማ፣ ከታች የክፍለ ጦሩ ቁጥር። ብሩ ከሌሎቹ የረከሰ ስለነበር ሰው ደህናውን እያስቀመጠ ይህን ያወጣው ነበር፤ ስለዚህ ከመቶ ዓመት በላይ እየተዘዋወረ ልሙጥ ሆኖ የሚገኘው ብዙ ነው።

እርምጃ 7፦ ትንንሾቹ ምልክቶች

ከራስ ኋላ ወይም ከእግር በታች ምስሉን የማይመለከት ቁጥር፣ ፊደል፣ ጊንጥ፣ መልሕቅ ወይም ማሰሮ ካያችሁ ትርጉም ፍለጋ አትድከሙ። በብዛት የማተሚያው ብረት መለያ ናቸው። በ90 ዓ.ዓ. በጦርነቱ ወጪ ምክንያት እጅግ ብዙ የተመታው የፒሶ ፍሩጊ ዲናር እንዲህ ባሉ ምልክቶች የተሞላ ነው። የፓፒዩስና የሮስኪዩስ ፋባቱስ ዲናሮች ደግሞ ምልክቶቹን ጥንድ ጥንድ ያደርጋሉ፤ ከፊት አንድ ዕቃ፣ ከጀርባ የሱ ተጓዳኝ። የሮማውያንን የቤትና የሥራ ዕቃ ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው ውድ ሀብት ነው።

እርምጃ 8፦ ጠርዙና ጉዳቱ

ሳንቲሙ የሚሠራው በእጅ ነው። የታችኛው ማተሚያ በመቀመጫ ላይ ይተከላል፣ የብር ቁራሹ ይደረግበታል፣ የላይኛው ማተሚያ ተይዞ በመዶሻ ይመታል። በ46 ዓ.ዓ. ቲቱስ ካሪሲዩስ መሣሪያዎቹን ራሳቸውን፣ መዶሻና ጉጠት ጨምሮ፣ ዲናር ላይ አስቀርጿቸዋል። ስለዚህ ምስሉ ወደ አንድ ጎን ቢያዘነብል፣ ግማሹ ፊደል ቢቀር ወይም ጠርዙ ቢሰነጠቅ የተለመደ ነው። አንዳንዴ የቀድሞው ሳንቲም ማተሚያው ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር በቀጣዩ በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ምስል ይወጣል፣ በአንዱ በኩል ወደ ውስጥ የሰመጠ ሆኖ።

ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆራረጠ ካያችሁ ጉዳት አይደለም፤ ከመመታቱ በፊት በመሮ የተከተፈ ነው። የማሚሊዩስ ዲናር እንዲህ ነው። ታሲቱስ ጀርማኖች እንዲህ ያለውን ገንዘብ አጥብቀው ይወዱ እንደነበር ጽፏል። ጥርስ ስላለው ብቻ ግን ሙሉ ብር ነው አትበሉ፤ ውስጡ መዳብ ሆኖ በብር የተለበጠ ባለ ጥርስ ዲናርም አለ። ልባጡ በተፋቀበት በኩል ቀይ ወይም አረንጓዴ ፈልጉ። ፊት ላይ የሚታዩ ትንንሽ የጨረቃና የክብ ንቅሶች ደግሞ የጥንት ገንዘብ ለዋጮች የፈተሹበት ምልክት ናቸው።

ልትገዙ ካሰባችሁ ቆም በሉ። ጠርዙን ዙሪያውን የሚዞር የመጋጠሚያ መስመር፣ መሬቱ ላይ የአየር አረፋ የሚመስሉ ጉድጓዶች፣ ከሌላ ሳንቲም ጋር አንድ ዓይነት ጭረት፤ እነዚህ የተቀዳ መሆኑን ይናገራሉ። የብሩተስ ጩቤ ያለበትን ማንም በርካሽ ቢያቀርብላችሁ ቅጂ ነው። ከየት እንደወጣ የሚያስረዳ ወረቀትም ጠይቁ። የዚሁ የብሩተስ ሳንቲም በወርቅ የተመታው ለንደን ውስጥ በ2020 ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጦ ነበር፤ የባለቤትነት ታሪኩ የተጭበረበረ መሆኑ ስለተደረሰበት በ2023 ለግሪክ ተመልሷል። ከመሬት በስርቆት የወጣ ሳንቲም የት፣ ከምን ጋር እንደተቀበረ ለዘላለም ይጠፋል፤ የሞርጋንቲና ሳንቲሞች ያን ያህል ያስተማሩን ከቦታቸው ስላልተነቀሉ ነው።

ለኛ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቀይ ባሕር የንግድ መመሪያ ወደ አዱሊስ የሚገቡ ሸቀጦችን ሲዘረዝር እዚያ ለሚኖሩ የውጭ ሰዎች የሚሆን ጥቂት ዲናር ይጨምራል። የአክሱም ነገሥታት የራሳቸውን ገንዘብ ከመምታታቸው ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ዲናር በወደባችን ገብቷል ማለት ነው።

እርምጃ 9፦ መዝግቡና ቁጥሩን ፈልጉ

ያያችሁትን በዚህ ቅደም ተከተል ጻፉ፦ ክብደት፣ ስፋት፣ የፊት ምስልና ፊደል፣ የጀርባ ምስልና ፊደል፣ ትንንሽ ምልክቶች፣ የጠርዙ ሁኔታ። የማይነበበውን ፊደል አትገምቱ፣ በሰረዝ ተዉት። ከዚያ የሪፐብሊኩ ሳንቲሞች በሙሉ የሚጠሩበትን ቁጥር ፈልጉ። ቁጥሩ የመጣው ማይክል ክሮፎርድ በ1974 ካሳተመው ዝርዝር ነው፤ ዛሬ ሙዚየሙም ሻጩም በሱ ነው የሚግባባው። የአሜሪካ የሳንቲም ጥናት ማኅበርና የብሪቲሽ ሙዚየም ያዘጋጁት ነፃ የኢንተርኔት ማውጫ አለ፤ በሹሙ ስም፣ በአምላኩ ወይም በፊደሉ ትፈልጋላችሁ፣ ፎቶውን ከናንተው ጋር ታስተያያላችሁ።

ለመለማመድ እነዚህን አውጥታችሁ እዩ፦ የፎስትሉስ እረኛ 235/1፣ የሳቢን ሴቶች 344/1፣ የኦዲሴዩስ ውሻ 362/1፣ የአሬታስ ግመል 422/1፣ የብሩተስ ነፃነት 433/1፣ የቄሳር ዝሆን 443/1፣ የካሪሲዩስ መዶሻ 464/2፣ ሁለቱ ጩቤዎች 508/3። ለንደን ያላችሁ የብሪቲሽ ሙዚየም ክፍል 68 ግቡ፣ ሮም ያላችሁ ደግሞ የፓላትሶ ማሲሞ ምድር ቤት ውረዱ። መጀመሪያ ማብራሪያ ወረቀቱን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ስሙን ራሳችሁ አውጡ፣ ከዚያ አመሳክሩ።